ሞተሩ ሲግል ቀዳዳ አታስፉ

አውሮፕላን በእጃቸው ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ቁጭ ካልን የማትቀር ወሬ አለች። «ሞተሬ ይግላል።» ተከትላ የምትመጣዋም ትታወቃለች። «የፊቱን አየር ማስገቢያ ትንሽ ባሰፋውስ?» ሰውየው በልቡ መጋዝ አንስቷል ማለት ነው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። መጋዙን አስቀምጥና መጀመሪያ የካውሊንጉን ውስጥ እንየው።

ሞተሩን የሚያለብሰው ይህ ሽፋን ለዓይን ብቻ የሚሠራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አፍንጫው ሲያምር፣ ቀለሙ ሲያበራ ፎቶ ይነሳል። ሥራው የሚለየው ግን ማንም ፎቶ በማያነሳው ቦታ ነው። ከሞተሩ ኋላ፣ ዘይቱን ከሚያቀዘቅዘው ኦይል ኩለር ጥግ፣ ከሲሊንደሮቹ ሥር።

አብዛኞቻችን የምንገጥመው በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ጠፍጣፋ ሞተር ነው። ላይካሚንግ ኦ-360ን እንውሰድ። 180 ፈረስ ጉልበት አለው። ከሚያቃጥለው ነዳጅ ሲሶ ያህሉ ፕሮፔለሩን ያዞራል። ብዙው በማርሚታ ወጥቶ ይሄዳል። የተረፈውን ሙቀት ሲሊንደሮቹ ላይ እንደ ክንፍ የተደረደሩት ስስ የብረት ቅጠሎች፣ ማለትም ፊኖቹ፣ እና ዘይቱ ለአየር ማስረከብ አለባቸው። ለዚህ በሰከንድ አንድ ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ሲሉት ምንም አይመስልም። በመጠን ግን ከ800 ሊትር ይበልጣል፤ ያ ሁሉ በየሰከንዱ በዚያች ጠባብ ቦታ ማለፍ አለበት።

መንገዱ እንዲህ ነው። አየሩ ከስፒነሩ፣ ማለትም ከፕሮፔለሩ መሃል ካለው ሾጣጣ ክዳን፣ ግራና ቀኝ ባሉት ቀዳዳዎች ይገባል። ከሞተሩ በላይ ያለውን ክፍል ይሞላል። ከዚያ በፊኖቹ መሃል እየተጨመቀ ወደ ታች ይወርዳል። ከታችኛው ክፍል ደግሞ በሆዱ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ላዩን ከታቹ የሚለዩት ባፍሎቹ ናቸው። ከላሜራ ተቆርጠው የታጠፉ ግድግዳዎች፣ ጠርዛቸው ላይ የሲሊኮን ጎማ የተያያዘባቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። አየሩን በፊኖቹ መሃል የሚገፋው የቀዳዳው ስፋት አይደለም። የላይኛውና የታችኛው ክፍል የግፊት ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከሌለ የፈለጋችሁትን ያህል ክፈቱ፤ አየሩ አፍንጫው ጋ ደርሶ ወደ ውጭ ዞሮ ይሄዳል።

ግፊቱን በውሃ ቁመት መለካት ይቀላል። በባህር ወለል ከፍታ በ80 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 148 ኪሎሜትር ገደማ፣ የምትበር አውሮፕላን ፊቷ ላይ የሚመጣውን አየር ብታስቆመው 10 ሴንቲሜትር ተኩል ውሃ ያህል ግፊት ታገኛለች። በ160 ኖት 42 ሴንቲሜትር ይሆናል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። አሁን ሞተራችን ሙሉ ጉልበት ላይ በደንብ ለመቀዝቀዝ 13 ሴንቲሜትር ይፈልጋል እንበል። በ80 ኖት አፍንጫ ቀጥ አድርገን ሽቅብ ስንወጣ የምንፈልገው ግፊት ጭራሽ የለም። በ100 ኖት ስንወጣ 16 ተኩል አለን፤ ያውም ምንም ካልባከነ። ሙቀቱ ሲያሻቅብ «አፍንጫውን ዝቅ አድርግ» የሚባለው ለዚህ ነው። ክሩዝ ላይ፣ ማለትም ከፍታ ጠብቀን በ160 ኖት ስንጓዝ፣ ግን ከሚያስፈልገን ሦስት እጥፍ በላይ ግፊት በእጃችን አለ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው። ለመውጣት ብለን የሰፋነው ልብስ ክሩዝ ላይ ይሰፋናል።

ይህ በጉልበት ሲመነዘር ምን ያህል እንደሆነ እናስላው። 160 ኖት ማለት በሰከንድ 82 ሜትር ነው። በየሰከንዱ አንድ ኪሎ አየር ወስደን፣ አስቁመን፣ እንዲሁ ብንጥለው 82 ኒውተን ድራግ፣ ማለትም ወደ ኋላ የሚጎትት የአየር ኃይል፣ ይከፈላል። ያ 9 ፈረስ ጉልበት ነው። መውጫው ሰፊ ከሆነ ደግሞ 42ቱም ሴንቲሜትር በፊኖቹና በየስንጥቁ ያልቃል። የአየሩ መጠንም የአስፈላጊው 1.7 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ያን ጊዜ ሒሳቡ ወደ 15 ፈረስ ጉልበት ይጠጋል። በተቃራኒው የሚያስፈልገውን ብቻ አስገብተን፣ የተረፈውን ግፊት ወደ ፍጥነት መልሰን፣ አየሩን ከበረራው ፍጥነት 80 በመቶ በሚሆን ፍጥነት ወደ ኋላ ብናስወጣው 2 ፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም። ያው ሞተር፣ ያው አውሮፕላን። ለሞተር ጉልበት ገንዘብ የምታፈሱ ሰዎች ይህን ሒሳብ ደግማችሁ እዩት።

ወደ ስንጥቁ ልምጣ። የእኔ ትልቁ ጣጣና ደስታ እዚያ ነው።

የባፍል ጎማ ከላይኛው ካውሊንግ ጋር በሚገናኝበት መስመር ሁለት ሜትር ርዝመት ላይ የሦስት ሚሊሜትር ክፍተት ቢኖር 60 ካሬ ሴንቲሜትር ቀዳዳ ማለት ነው። የሁለቱ የፊት ማስገቢያዎች ስፋት ተደምሮ 300 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን፣ አንድ አምስተኛውን የሚያህል ሌላ በር ከኋላ ከፍተናል። አየር ደግሞ ሰነፍ ነው። በፊኖቹ መሃል ከመጨመቅ በዚያ ክፍተት መሹለክ ይመርጣል። ያ አየር አንድ ዲግሪ ሙቀት ሳይሸከም ድራጉን ብቻ ለእኛ ትቶ ይወጣል። ታዲያ ባለቤቱ «አየር አነሰኝ» ብሎ ፊቱን ሲያሰፋ ምን ይሆናል? የሚሾልከው ይበዛል።

ስንጥቅ የምፈልግበት ዘዴ ቀላል ነው። ሲመሽ ካውሊንጉን ከነብሎኑ እዘጋለሁ። በታችኛው መውጫ በኩል ደማቅ መብራት አስገባለሁ። ከዚያ በፊት ማስገቢያው ውስጥ አጮልቄ አያለሁ። በፊኖቹ መሃል የሚመጣው ብርሃን እኩል እኩል የተሰመረ ቀጭን መስመር ነው፤ እሱ ተገቢ ነው። ጥግ ላይ እንደ ሽብልቅ የሚያፈጥ ብርሃን ካለ ግን ጉዱ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የማገኘው ሁለቱ ባፍሎች በሚጋጠሙበት የኋላ ማዕዘን፣ በሞተሩ ሆድና በኋለኛው ግድግዳ መሃል፣ በኦይል ኩለሩ ዙሪያ እና ከስፒነሩ ጀርባ ነው። እነዚህን በሲሊኮን ማጣበቂያና በትንንሽ ላሜራ መድፈን ሰዓታት ይፈጃል። ውበት የለውም። ማንም አያየውም። ከምሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ግን እንደሱ የሚክሰኝ የለም።

ሌላም ምልክት አለ። ከተወሰነ በረራ በኋላ ላይኛውን ካውሊንግ አንስታችሁ ገልብጡት። ጎማው የተፋተገበት መስመር ጥቁር ሆኖ ይታያል። መስመሩ ሳይቋረጥ ከዳር ዳር ከሄደ ጥሩ። የተቋረጠበት ቦታ ካለ ጎማው እዚያ አይነካም። መሬት ላይ ቢነካ እንኳ አየር ላይ ይለያያል። ምክንያቱም 35 ሴንቲሜትር ውሃ ያህል ግፊት ግማሽ ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የላይኛው ሽፋን ላይ ሲያርፍ ከ170 ኪሎ በላይ ክብደት ወደ ላይ እንደሚገፋው ማለት ነው። ከውጭ ያለው አየር ደግሞ በዚያ ጉብ ባለ ቦታ ላይ ይስበዋል። ፋይበርግላሱ ያብጣል። ጎማው ወደ ፊት ማጠፍ ያለበት ለዚህ ነው፤ ግፊቱ ራሱ ከሽፋኑ ጋር እንዲያጣብቀው። ወደ ኋላ የታጠፈ ጎማ ግፊት ሲመጣ ይገለበጥና በሩን ይከፍታል። በዚህ የተማረሩ ሰዎች ከሲሊንደሮቹ በላይ ለብቻው የተዘጋ ክዳን ይሠራሉ። ፕሌነም ይባላል። ካውሊንጉ ቢያብጥም ባያብጥም አየሩ ክዳኑ ውስጥ ነው። እኔ እወደዋለሁ። ካንዴላ ለመፍታት ሲባል በተፈታ ቁጥር የሚፈጀው ጊዜ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

የተደፈነውን ሁሉ ግን አታመስግኑ። በላይካሚንግ አራት ሲሊንደር ላይ አንድ ታዋቂ ወጥመድ አለ። የሲሊንደሩ ቴስታታ፣ ማለትም ራሱ፣ በአንድ ጎኑ ፊኑ በጣም አጭር ነው፤ የለም ማለት ይቻላል። በቀኝ በኩል የኋለኛው፣ ማለትም ቁጥር 3፣ ያን አጭር ጎኑን ለኋለኛው ባፍል ይሰጣል። በግራ የፊተኛው ቁጥር 2 ደግሞ ወደ ፊት ይሰጣል። ባፍሉን እዚያ ላይ ልጥፍ አድርጋችሁ ካሰራችሁት አየር የሚወርድበት ቦታ አይኖርም። ቁጥር 3 ብቻውን የሚግል ሞተር ካያችሁ መጀመሪያ እዚያ እጃችሁን ስደዱ። ባፍሉን በዋሸር ትንሽ ከፍ አድርጎ ማሰር፣ ወይም ላሜራውን ወደ ውጭ አጉብጦ መተላለፊያ መሥራት ነው መድኃኒቱ። ባትሪ ይዛችሁ በፊኖቹ መሃልም እዩ። ፋብሪካ ውስጥ ቀልጦ ሲፈስ የቀረ የአሉሚኒየም ቅሪት መንገዱን ዘግቶት ይገኛል። በቀጭን ሞረድ ቀስ ብሎ ማጽዳት ነው።

የፊተኞቹ ሁለት ሲሊንደሮች በጣም ቀዝቅዘው የኋለኞቹ የሚግሉ ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ትንሽ የላሜራ ጋሻ ይቆምላቸዋል። ጋሻውን ጥቂት ጥቂት እየቆረጡ አራቱን ማቀራረብ ይቻላል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ተቆርጦ የወደቀ ላሜራ አይመለስም።

መለካትን በተመለከተ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ትርፍ የፍጥነት መለኪያ ካላችሁ እሱ ራሱ የግፊት ልዩነት መለኪያ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣውን አየር ግፊት የሚቀበለውን የፒቶ ቀዳዳ ከላይኛው ክፍል፣ የዙሪያውን አየር ግፊት የሚቀበለውን የስታቲክ ቀዳዳ ከታችኛው ክፍል ጋር በቀጭን ቱቦ አገናኙት። ለበረራ የምትጠቀሙበትን ሳይሆን ትርፉን ነው ያልኩት። 89 ኖት ካነበበ በፊኖቹ ላይ 13 ሴንቲሜትር ገደማ አለ ማለት ነው። የቱቦው ጫፍ ተደፍኖ ጎኑ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሱለት፤ አለዚያ የሚነፍሰው አየር ያሳስተዋል። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ግፊቱ ግን በቂ ከሆነ፣ አየሩን ተዉትና ሌላ ነገር ፈልጉ። ቀጭን ድብልቅ፣ የቀደመ ማቀጣጠያ፣ በማኒፎልድ የሚገባ ትርፍ አየር። አዲስ ሞተርም ሪንጎቹ እስኪሟሹ ይግላል። ለላይካሚንግ የቴስታታው ጣሪያ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ብዙዎቻችን ግን ክሩዝ ላይ ከ205 በታች እንይዘዋለን። አሉሚኒየም ሲግል ጉልበቱ እየደከመ ይሄዳልና፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አሁን ወደ ፊቱ፣ ሰው ሁሉ ወደሚወደው ቦታ።

ታሪኩ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1928 የአሜሪካው የአቪየሽን ምርምር ተቋም ናካ በላንግሌይ ቤተ ሙከራው ራዲያል ሞተሮችን፣ ማለትም ሲሊንደሮቻቸው በክብ የተደረደሩትን፣ ሙሉ በሙሉ የሚያለብስ ካውሊንግ አወጣ። ሥራውን የመራው ፍሬድ ዊክ ነበር። ከርቲስ ሆክ የተባለችው አውሮፕላን በዚህ ሽፋን ብቻ በሰዓት ከ190 ኪሎሜትር ወደ 220 ከፍ አለች። ሞተሩ አልተነካም። ናካ በዚህ ሥራ የ1929ን የኮሊየር የአቪየሽን ሽልማት ወሰደ። ከዚያ በፊት ሲሊንደር ሜዳ ላይ ካልተሰጣ አይቀዘቅዝም ይባል ነበር። ሸፍኖ፣ አየሩን ወደሚፈለግበት ቦታ ብቻ መምራት የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

በ1930ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በእንግሊዝ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሜሬዲት አንድ ነገር አሳየ። በራዲያተር የሞቀ አየር በሚገባ በተሠራ መተላለፊያ ቢወጣ ድራጉን መልሶ ሊክስ ይችላል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን የፒ-51 ሙስታንግ የሆድ ራዲያተር በዚህ ይነሳል። እኛ ጋ ግን በሱ የምትመጡብኝን አልቀበልም። ያ በትልቅ ፍጥነት የሚመጣ ጥቅም ነው። በ160 ኖት ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ከሙቀቱ የሚገኘው ግፊያ ለወሬ አይበቃም። የእኛ ትርፍ የማይባክን አየር ነው።

ክብ ትንንሽ ማስገቢያ አሁን ፋሽን ነው። ያምራል፤ መጥፎም አይደለም። ግን ቀዳዳው ባነሰ ቁጥር አየሩ በፍጥነት ይገባል። ያ ፍጥነት ወደ ግፊት እንዲለወጥ መተላለፊያው ቀስ እያለ መስፋት አለበት። በአንድ በኩል ከሰባት ዲግሪ ብዙ ካለፈ አየሩ ከግድግዳው ይላቀቅና ይሽከረከራል። ሲሊንደሩ ደግሞ ከቀዳዳው ጀርባ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ሰው ትንሽ ክብ ቀዳዳ ገጥሞ፣ ከኋላው ድንገት ባዶ ሳጥን ካስከተለ ግፊቱን በሩ ላይ ነው የጣለው። ቦታ ከሌላችሁ ትንሽ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይሻላል። አየሩ ገና ከመግባቱ በፊት ፊት ለፊት ይረጋጋል። የተረፈው በአፍንጫው ላይ ዞሮ ይሄዳል፤ አፍንጫው በደንብ ክብ ከሆነ የሚያስከፍለው ጥቂት ነው። ከንፈሩን ግን ስለት አታድርጉት። ሽቅብ ስትወጡ አየሩ ከታች በኩል በዘወርዋራ ነው የሚመጣው፤ ስለት የሆነ ከንፈር ይበጥሰዋል።

የዝርዝር ሥራ ምን ድረስ እንደሚወስድ ማየት ለሚፈልግ የማይክ አርኖልድ ኤአር-5 አለች። እ.ኤ.አ. በ1992 በ65 ፈረስ ጉልበት ሮታክስ ሞተር በሰዓት ከ340 ኪሎሜትር በላይ ሄዳ የክብደት ምድቧን ክብረ ወሰን ያዘች። የሷ ሞተር በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው። ያም ሆኖ የሚገባውና የሚወጣው አየር ላይ የተደረገው ጥንቃቄ ለእኛም ትምህርት ነው።

የሚናቀው መውጫው ነው። አየሩ በፊኖቹ መሃል ወርዶ ታችኛው ክፍል ሲደርስ ማርሚታው፣ ቱቦው፣ የሞተሩ ማሰሪያ ሁሉ ይቀበለዋል። ከዚያ ሞተሩን ከጓዳው የሚለየው ግድግዳ፣ የፋየርዎሉ፣ የታችኛው ጠርዝ ጋ በቀጥታ ዘጠና ዲግሪ ዙር ይባላል። አይዞርም። ይተራመሳል። እዚያ ጠርዝ ላይ የተጠጋጋ ላሜራ ማስገባት አየሩ ወደ ኋላ እንዲታጠፍ ያግዘዋል። መውጫው አየሩን ከሆዱ ጋር ትይዩ አድርጎ መልቀቅ አለበት። ወደ ታች ተፍቶ የሚለቅ ሰፊ አፍ የአውሮፕላኗን ሆድ ጭምር ያበላሻል። ጎን ላይ የሚቀደዱት መስኮቶችም እንዲሁ ናቸው። ሙቀት ይቀንሳሉ፤ ድራግ ይጨምራሉ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። መጀመሪያ መሹለኪያውን መድፈን። ቀጥሎ መለካት። ከዚያ መውጫውን ማስተካከል። የፊት ቀዳዳ የመጨረሻው ነው። በየመሃሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለውጠው። በተመሳሳይ ከፍታ፣ በተመሳሳይ ጉልበት እበራለሁ። የውጭውን ሙቀትም እመዘግባለሁ፤ ውጭው አሥር ዲግሪ ሲሞቅ ቴስታታውም አሥር ገደማ ይጨምራልና። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም።

አሁን እጄ ላይ ያለው ሥራ የሚከፈትና የሚዘጋ መውጫ ነው። ስወጣ ሰፊ፣ ክሩዝ ላይ ጠባብ። ሒሳቡን አይታችሁታል፤ አንድ ቋሚ ስፋት ሁለቱንም ማስደሰት አይችልም። ክብደት ይጨምራል፣ ማጠፊያ ይጨምራል፣ የሚበላሽ ነገር ይጨምራል። ገመዱ ቢበጠስ ምን ይሆናል የሚለው ነው በጣም ያሳሰበኝ። ማጠፊያውን ከፊተኛው ጠርዝ አድርጌ ስፕሪንግ ገጠምኩለት። ምንም ካልያዘው ይከፈታል። በታችኛው ክፍል ውስጥ ያለው ግፊትም ወደ መክፈት ነው የሚገፋው። ማንሻው ጓዳው ውስጥ ከስሮትሉ በታች ይሆናል። ወደ ፊት ሲገፋ ክፍት፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ጠባብ። የቀረኝ ማርሚታው በጣም በሚጠጋበት በግራ በኩል ያለውን ፋይበርግላስ ከሙቀቱ የሚከላከል ስስ ስቴንለስ ላሜራ መግጠም ነው።